የአዳጊ ወጣቶች የሰንበት ሠርክ መርሐ ግብርና የደኅንነቱ ሥርዓት
ለኮምቦልቻና ለአካባቢዋ አጥቢያዎች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ አንድ የሠርክ ጉባኤ ተጽፎልናል። ጉባኤው በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን በጢሮአዳ ተደርጎ ነበር፤ መምህሩም ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ትምህርቱ እስከ እኩለ ሌሊት በመርዘሙ፣ በመስኮት ላይ ተቀምጦ የነበረው አውጤኪስ የተባለ ወጣት እንቅልፍ አሸንፎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ሐዋርያውም በእግዚአብሔር ኃይል ሕይወቱን መለሰለት። ታሪኩ በዋናነት የአምላክን ቸርነት የሚናገር ቢሆንም አዳጊዎችን በምሽት ለሚሰበስብ አገልጋይ ሌላም ትምህርት አለው። የጉባኤው ቅድስና የመስኮቱን ከፍታ አላሳነሰውም፤ የመምህሩ ጸጋም የወጣቱን ድካም አላስቀረም።

በሰንበት ትምህርት ቤቶች ቅዳሜና እሑድ በሠርክ ለአዳጊዎች የሚዘጋጀው የመዝሙር፣ የጨዋታና የውይይት መርሐ ግብርም እንዲሁ ነው። ዓላማው መልካም መሆኑ ብቻውን ልጅን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቤተ ክርስቲያን የሚደረግ ሁሉ በአግባብና በሥርዓት እንዲሆን ያዘዘው (1ቆሮ. 14፥40) ለማኅሌቱና ለትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ ለጨዋታውም፣ ለመውጫ በሩም፣ ልጆች ወደ ቤት ለሚመለሱበት መንገድም ይሠራል። ይህ ጽሑፍ መርሐ ግብሩን ለመጀመር ያሰቡ ወይም የጀመሩትን ለማስተካከል የሚሹ አጥቢያዎች ሊይዙት የሚገባውን ሥርዓት በየተራ ያቀርባል።

ኮምቦልቻ ለምን?

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከመሆኗም በላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ሠራተኞችን አሰባስቦባታል። ፋብሪካ ደግሞ በፈረቃ ይሠራል። እናት ወይም አባት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገብተው ሌሊት በሚመለሱበት ቤት ውስጥ የ13 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ምሽቱን የሚያሳልፈው ብቻውን ወይም ከእኩዮቹ ጋር ነው። በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ደግሞ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት ወይም የስፖርት ውርርድ ቤት ሊሆን ይችላል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥና የትምባሆ ውጤት መሸጥን ቢከለክልም፣ ሕጉ በየመንደሩ የሚፈጸመው ልጁ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ሲኖረው ነው።

በዚህ ላይ የጦርነቱ ጠባሳ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት ጦርነት አልፎባቸዋል። ያን ጊዜ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሕፃናት የነበሩት ወደ አዳጊነት ዕድሜ የሚገቡት ያዩትን ይዘው ነው። ለእነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ያለ ስጋት የሚስቁበት ሁለት ሰዓት ትርፍ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን ከልጅ መብቶች መካከል ይቆጥራል።

ክፍት አዳራሽ ብቻውን አይበቃም

ብዙዎች “ከጎዳና ይሻላል” በሚል ሐሳብ አዳራሽ ከፍተው፣ ኳስና የድምፅ ማጉያ ሰጥተው ልጆችን ለራሳቸው ይተዋሉ። ጆሴፍ ማሆኒና ሀካን ስታቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በአዋቂ የሚመራና ሥርዓት ያለው መርሐ ግብር የሚከታተሉ ልጆች ጥፋት ዝቅተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ሥርዓት በሌለው የወጣቶች መዝናኛ ማእከል ከሚያዘወትሩት ልጆች ዘንድ ግን ጥፋቱ ከፍ ያለ ነበር። በአይስላንድም ልጆችን በሠለጠኑ አዋቂዎች በሚመራ ስፖርትና ኪነ ጥበብ በማሰማራት፣ ወላጆችን በማስተባበርና የምሽት ሰዓት ገደብን በማክበር ትልቅ ለውጥ ታይቷል፤ ባለፈው አንድ ወር ሰክረው እንደ ነበር የተናገሩ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1998 ከመቶ 42 ሲሆኑ በ2016 ከመቶ 5 ሆነዋል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ ልጆችን በአንድ ሥፍራ መሰብሰብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

መርሐ ግብሩ በአንድ ትጉህ ወጣት ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ የፈቀደው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚያስተዳድረው፣ በየሠርኩም ስሙ የሚታወቅ አንድ ተጠሪ ያለው መሆን ይገባዋል። “ሁላችንም እንጠብቃለን” የተባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠብቅበት ቦታ ነው።

የአገልጋዮች ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል። ኤን.ኤስ.ፒ.ሲ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ለስምንት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ለዐሥር ልጅ አንድ አዋቂ እንዲመደብ፣ ልጆቹ ጥቂት ቢሆኑም ከሁለት አዋቂ እንዳያንስ ይመክራል። ለ40 አዳጊ ቢያንስ አራት አዋቂ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሴቶች ልጆች ባሉበት ሴት አገልጋይ መኖሯ ግድ ነው። በዚያ ሠርክ ከቁጥሩ በታች አገልጋይ ከመጣ መርሐ ግብሩን ማሳጠር ወይም ለሌላ ቀን ማስተላለፍ እንጂ “ለዛሬ ይሁን” ማለት አይገባም።

አገልጋይ የሚመረጠው በአጥቢያው በቂ ጊዜ ከታወቀ፣ ከሚኖርበት ሰፈርና ቀድሞ ካገለገለበት ቦታ ከተጠየቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካህን የንስሐ ምሥጢር ጠባቂ ስለሆነ የንስሐ አባትን ስለ ንስሐ ልጁ ምስክር አድርጎ መጥራት አይቻልም፤ የእርሱ ዝምታም እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም። ማጣራቱ በግልጽ ከሚታየው አኗኗር ይሁን። አዲስ የመጣ ሰው ምንም ያህል መንፈሳዊ ቢመስል ከነባር አገልጋይ ጋር እንጂ ብቻውን ልጆችን አይረከብም።

ሰዓትና መንገድ

በኮምቦልቻ በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ለ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 እስኪሆን ትቆያለች። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት የሚዘጋ መርሐ ግብር በአንዱ ወር በብርሃን፣ በሌላው በጨለማ ልጅ ይሸኛል። መዝጊያውን ከፀሐይ መጥለቅ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማስቀደም ይበጃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ከ15፣ በክረምት መግቢያ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማድረግ ይቻላል። መርሐ ግብሩ በሰዓቱ መጀመሩ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ማለቁ ለወላጅ የተሰጠ ቃል ነው።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ እመቤታችንና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘዋል (ሉቃ. 2፥41-52)። እርሱ የቀረው በአባቱ ቤት ሊገኝ ስለሚገባው ነው፤ ለእኛ ግን ታሪኩ በብዙ ሰው መካከል “አለ” ብሎ ማሰብ እንዴት ቀላል እንደሆነ ያሳየናል። ስለዚህ ልጅ ሲገባ ይመዘገባል፣ ሲወጣም ይመዘገባል፤ በመካከልም አንድ ጊዜ ይቆጠራል። በመዝገቡ የልጁ ስም፣ ሰፈር፣ የወላጅ ስልክ፣ የጤና ችግር ካለበትም (አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም) ይጻፋል። መዝገቡ የሚቀመጠው በተጠሪው እጅ ነው።

አመላለሱ በሰፈር ይደራጃል። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ልጆች አብረው ይወጣሉ፤ ታናናሾቹ ከታላላቆቹ መካከል ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ልጅ ቤት እስኪገባ አንድ አዋቂ ይሸኛል። በባጃጅ የሚሄድ ካለ ወላጅ የሚያውቀው አሽከርካሪ ይሁን፤ ልጅን ብቻውን ለማያውቀው ሰው አሳፍሮ መላክ አይገባም። ወላጅ ዘግይቶ ከሆነ ሁለት አገልጋዮች አብረው ይቆያሉ። በክረምት ዝናብ ሲጥል ቦርከናና ገባር ጅረቶቹ በድንገት ስለሚሞሉ ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ልጆች ውኃው ሳይጎድል አይለቀቁም። ከደሴ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ጋር የሚደረግ የጋራ ጉባኤም በቀን ይሁን፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ልጆችን በጭነት ወይም በተጨናነቀ መኪና በሌሊት የሚያመላልሱበት መንገድ አይደለም።

በክልሉ የጸጥታ ሁኔታ የሰዓት እላፊ የሚታወጅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ መርሐ ግብሩ ወደ ቀን ይዛወራል፤ ሁኔታው አጠራጣሪ ከሆነም ይታጠፋል። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ለኳስ የሚወጡ ልጆች ያላወቁትን ብረት ወይም የተቀበረ ነገር እንዳይነኩ፣ እንዳይወረውሩ፣ ባዩበት ትተው ለአዋቂ እንዲናገሩ በየጊዜው ሊነገራቸው ይገባል።

ግቢው፣ መብራቱና እሳቱ

ከልጆቹ በፊት ሁለት አገልጋዮች ግቢውን ይዞራሉ። ክፍት ጉድጓድ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተቆለፈ መውጫ በር፣ ለግንባታ የተከመረ ድንጋይና ብረት መኖሩን ያያሉ። ከአዳራሹ በስተኋላ ያለው ጨለማና የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ተለይተው ይታዩ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው መድረኩ ላይ ሳይሆን እዚያ ነውና።

መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገር። እያንዳንዱ አገልጋይ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ መብራት እንደ ጠፋ ልጆች ባሉበት ይቀመጡ፤ አንዱ አገልጋይ በሩን ይያዝ፤ ሌላው ይቁጠር። ሰው በሞላበት አዳራሽ ጧፍና ሻማ በልጆች እጅ አይዞርም፤ ካስፈለገም ከመጋረጃና ከምንጣፍ ራቅ ብሎ አዋቂ ይይዘዋል። አሸዋና ውኃ የሞላ ባልዲ በቅርብ ይኑር። የተቃጠለ ልጅ ቁስሉ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ይታጠባል፤ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 እና በአቅራቢያው ያለው የጤና ተቋም ስልክ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ምን ይደረግበት?

አዳጊ የሚመጣው ስብከት በስብከት ላይ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ ከረዘመበት እንደ አውጤኪስ ያንቀላፋል። ለ20 ደቂቃ ትምህርት፣ ቀሪውን ለመዝሙርና ለከበሮ ልምምድ፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር፣ ለሥዕል፣ ለገበጣና ለኳስ መስጠት ይቻላል። ቦታ ለሚያጥረው ግቢ መረብ ኳስ ይስማማል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ውስጥ በዊሊያም ሞርጋን ሲፈጠር ከቅርጫት ኳስ ይልቅ መገፋፋት ያነሰበት እንዲሆን ታስቦ ነበር። መረብና ገመድ ብቻ ይበቃዋል፤ ወንዶችና ሴቶች በየተራ ይጫወቱበታል።

ቤተ ክርስቲያናችን በዘመናት ያቆየቻቸው የወጣቶች ጨዋታዎችም ቦታ ይሰጣቸው። የገና ጨዋታ ከዱላና ከሩር ጋር ስለሆነ ሰፊ ሜዳ፣ ዳኛና የተመልካች ርቀት ይፈልጋል። የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12፣ ደግሞ ራሱን የቻለ የምሽት መርሐ ግብር ነው። ችቦውን የሚያበራው አዋቂ ይሁን፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል የናይለን ልብስ የለበሰ ልጅ ወደ እሳቱ አይጠጋ፤ ጅራፍ የሚያጮኹት ከሌሎቹ ራቅ ይበሉ፤ “ሆያ ሆዬ” የሚሉት በታወቀ መንገድ፣ ከአንድ አዋቂ ጋር፣ በታወቀ ሰዓት ይመለሱ።

ምግቡ ቀላል ይሁን፤ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ይበቃል። በአጽዋማት የጾም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። መግቢያ ገንዘብ መጠየቅ ግን ድኻውን ልጅ ወደ ጎዳና ይመልሰዋልና አይገባም። ጥፋት የሠራ ልጅ ከጨዋታ ለጥቂት ጊዜ ይገለል፤ ወላጁም ይጠራ፤ በትር ግን አይነሣበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያሳድጉት ተቋማት ከአካል ቅጣት ጠብቆታል።

በሚታይ ሥፍራ፤ ለብቻ ያለ መሆን

ከሁሉም ሕግ የሚበልጠው አንድ ነው፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ወይም በማይታይ ቦታ ብቻውን አይሆንም። ይህ ሕግ ለዲያቆኑም፣ ለመዝሙር አሠልጣኙም፣ ለተጠሪውም ያለ ልዩነት ይሠራል። ልጅን ለብቻ መምከር ሲያስፈልግ በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ወይም በግቢው በሚታይ ጥግ ይደረጋል። ልጅ ለንስሐ አባቱ ሲናገርም ድምፁ የማይሰማበት፣ ሁለቱም ግን ከሩቅ የሚታዩበት ቦታ መምረጥ ምሥጢሩንም ልጁንም ይጠብቃል። ይህ ሕግ አገልጋዩን አያስጠረጥርም፤ ንጹሑን ከሐሜት፣ ልጁንም ከክፉ ሰው ያድናል።

ስልክም እንደ ተዘጋ ክፍል ነው። አገልጋይ ከአዳጊ ጋር በግል በቴሌግራም አይጻጻፍ፤ መልእክት ወላጆች ባሉበት ቡድን ይላክ። የልጆች ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ በማኅበራዊ መገናኛ አይለቀቅ፤ የልጁ ስምና ሰፈር ደግሞ ከምስሉ ጋር ፈጽሞ አይጻፍ።

ጥፋት ሲደርስ

ልጆች የሚነግሯቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት፣ በስም ይታወቁ። ልጅ ደረሰብኝ ያለውን ሲናገር በእርጋታ ይሰማ፤ አይመርመር፣ አይገሠጽ፣ “ለማንም አልናገርም” ተብሎ ቃል አይገባለት። የሰማው ሰው የሰማውን በልጁ አነጋገር ወዲያው ይጻፍ፤ ተከሳሹንም ከልጆች ዘንድ ያርቅ።

የወሲብ ጥቃት ከሆነ ሽምግልና የሚገባበት ጉዳይ አይደለም። በወሎ ሽምግልና የተከበረ ነው፤ የተጣላን ያስታርቃል፣ ደም ያደርቃል። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን በሁለት ቤተሰብ መካከል ያለ ጠብ ሳይሆን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጎድፍ” ተብሎ የሚሸፈን ነገር ሌላ ልጅን አሳልፎ ይሰጣል። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የሚጠብቀውን ፍርድ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ተናግሯል፤ የቤተ ክርስቲያን ስም የሚጎድፈው ጥፋቱ ሲሸሸግ ነው። ስለዚህ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይነገር። ልጁም ሳይታጠብ፣ የለበሰውም ልብስ ሳይታጠብ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነውና ለምክክር የሚባክን ቀን የለም።

ጎረቤትና ወላጅ

ኮምቦልቻ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ የሚኖሩባት ከተማ ናት። የድምፅ ማጉያው ከግቢው ውጭ እንዳይሰማ መቀነስ፣ በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት መንገዱን አለማጨናነቅ ጉርብትናን ያጸናል፤ ልጆቹም ያንኑ ያያሉ። ጓደኛውን ተከትሎ ለኳስ የመጣ የሌላ እምነት ልጅ ቢኖር በክብር ይስተናገድ፤ ነገር ግን ወላጁ ሳያውቅ በመርሐ ግብሩ አይቆይ። ጎረቤት በወዳጅነት የሚያየው ግቢ ከማንኛውም አጥር ይልቅ ይጠበቃል።

ወላጆችም በወር አንድ ጊዜ ተጠርተው መዝገቡን ይዩ፣ አገልጋዮቹን ይወቁ፣ ቅሬታቸውን ይናገሩ። በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች ስላሉ ስብሰባው ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቢሆን ብዙዎች ይገኛሉ። ሴቶች ልጆች የቤት ሥራ በዝቶባቸው እንዳይቀሩ ከወላጆች ጋር መነጋገር የዚሁ ጉባኤ ድርሻ ነው።

የሠርኩ መርሐ ግብር ሲጠናቀቅ ተጠሪው መዝገቡን ይዘጋል፤ የገቡትና የወጡት እኩል መሆናቸውን አይቶ ይፈርማል፤ ያጋጠመ ነገር ካለ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ይቆልፋል። ይህ ትንሽ ሥራ ማንም የማያጨበጭብለት አገልግሎት ነው። ሆኖም በዚያች ሌሊት በፋብሪካ ፈረቃ ላይ ያለች እናት ልቧ የሚያርፈው በእርሱ ነው።

ልጆቻችንን በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።